ዘር ከልጓም ይስባልን? የኤሮ ማንቲራንታ የውድድር ሕይወትና የአሸናፊነት አተረጓጎም ታሪክ




ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ፊንላንዳዊ የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ታሪክ ነው። ስሙ ኤሮ ማንቲራንታ ይባላል። በሦስት የክረምት ኦሊምፒኮች ሦስት የወርቅ፣ ሁለት የብርና ሁለት የነሐስ፣ በድምሩ ሰባት ሜዳሊያዎች አግኝቷል። ይህን ሰው የመረጥሁት ግን በሜዳሊያው ብዛት አይደለም፤ ከእርሱ የበለጠ የሰበሰቡ አሉ። የመረጥሁት «ለምን አሸነፈ?» ለሚለው አንድ ጥያቄ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት የተለያዩ መልሶች ስለ ተሰጡበት ነው። በመጀመሪያ ፊንላንዳውያን «ሲሱ» ብለው የሚጠሩት የማይበገር ጽናት ነው ተባለ። ቀጥሎ በደሙ ላይ የተሠራ ተንኮል ነው ተብሎ ተጠረጠረ። በመጨረሻም ከቤተሰቡ የወረሰው የዘረመል ለውጥ ነው ተባለ።

አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ሦስተኛው መልስ ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር በቤተ ሙከራ ያረጋገጠ ይመስላል፤ ብዙዎችም በዚያ ላይ ቆመዋል። የእኔ ክርክር እንደሚከተለው ነው። የተወረሰ ነገር የአንድን ሰው አሸናፊነት ከሚያስረዱ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የውድድር ሕይወቱን ታሪክ ግን ሊተካ አይችልም። ይህ ክርክር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከፊንላንዳውያን ባላነሰ የሚያገባን ጉዳይ መሆኑን ወደ ኋላ አሳያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስፖርቱ ጥቂት ልበል። አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ወይም ስኪ ከተራራ ቁልቁል መንሸራተት አይደለም። ተወዳዳሪው በሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ዘንጎች ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ በትር ይዞ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሜዳውንም በራሱ ጉልበት የሚያቋርጥበት ውድድር ነው። እግር፣ ክንድ፣ ጀርባና ሆድ በአንድነት ስለሚሠሩ ሰውነት የሚጠይቀው የኦክስጅን መጠን እጅግ ከፍተኛ ነው። በማንቲራንታ ዘመን የግል ውድድሮች የሚካሄዱት በአንድነት በመነሣት አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹ በተወሰነ የሰዓት ልዩነት አንድ በአንድ ይነሡ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የሚሮጠው ከሰዓት ጋር ነው፤ ዋና ተቀናቃኙን እስከ መጨረሻው ሳያየው ሊቀር ይችላል። ስፖርቱ ከአገራችን ጨርሶ የራቀ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ሲሆን፣ ወካይዋ ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ነበር።

ማንቲራንታ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1937 በፊንላንድ ላፕላንድ፣ በፔሎ ወረዳ፣ ላንኮያርቪ በምትባል መንደር ተወለደ። ስፍራው ከአርክቲክ ክበብ በስተ ሰሜን፣ ፊንላንድን ከስዊድን ከሚለየው ከቶርኒዮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። «ያርቪ» በፊንላንድ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። ክረምቱ የዓመቱን እኩሌታ በሚወስድበት በዚያ አገር ሐይቁ ሲረጋ መንገድ ይሆናል፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በስኪ ነበር። ለእኛ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሮጥ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስኪ በዚያ ዘመን በላፕላንድ መጓጓዣ፣ የአደንና የእንጨት ሥራ መሣሪያ ነበረ፤ ስፖርትነቱ ከዚህ የበቀለ ነው።

የተወለደበት ዘመንም ሊታሰብ ይገባል። ሁለት ዓመት ሲሆነው አገሩ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የክረምቱን ጦርነት ገጠመች። ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1944 መጸው፣ የጀርመን ጦር ከላፕላንድ ሲያፈገፍግ ከተሞችንና መንደሮችን አቃጠለ፤ የአካባቢው ሕዝብም ወደ ስዊድንና ወደ ሌሎች የፊንላንድ ክፍሎች እንዲሸሽ ተደረገ። ማንቲራንታ ያደገው ከዚህ ጥፋት በኋላ እንደገና በሚሠራ አገር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ወጣት የተዘጋጀው ሥራ የደን ሥራ ነበር፤ ዛፍ መቁረጥና ግንድ መጎተት። የዘመኑ ታላላቅ የስኪ ተወዳዳሪዎችም ከዚሁ ዓለም የወጡ ናቸው፤ ስዊድናዊው ሲክስተን የርንቤሪም ሆነ ፊንላንዳዊው ቬይኮ ሃኩሊነን የደን ሰዎች ነበሩ።

ማንቲራንታ ግን ሌላ በር ተከፈተለት፤ በድንበር ጠባቂነት ተቀጠረ። ይህ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ቢሆንም እኔ ከዋናዎቹ ነገሮች አንዱ አድርጌ እመለከተዋለሁ። በዘመኑ የኦሊምፒክ ደንብ ተወዳዳሪ ከስፖርት ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ በየአገሩ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ይህ ሰው በምን እየኖረ ይለማመድ? የድንበር ጥበቃ ደመወዝ ይሰጣል፤ ጥበቃው ራሱ በክረምት በስኪ የሚፈጸም ነው፤ አለቆቹም ለመንግሥታዊ ተቋማቸው ክብር የሚያመጣውን ወታደር ለልምምድና ለውድድር ይለቁታል። ከዛፍ ቆራጭነት ወደ ድንበር ጠባቂነት መሻገር ለዚያ ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ ለስፖርቱ ታሪክ ግን ተቋም ማለት ነው።

አሁን ወደ ውድድሮቹ እንምጣ። በ1960 በአሜሪካ ስኩዎ ቫሊ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ማንቲራንታ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በግል ውድድር ሜዳሊያ አላገኘም። ወርቁን ያገኘው ከቶይሚ አላታሎ፣ ከቬይኖ ሁህታላና ከሃኩሊነን ጋር በአራት ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ቅብብል ነው። የመጨረሻውን ዙር የሄደው የ35 ዓመቱ ሃኩሊነን ኖርዌጂያዊውን ሆከን ብሩስቬንን ከኋላ ደርሶ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። የቡድኑ ወጣት የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው በአንጋፋው ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በፖላንድ ዛኮፓኔ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የ30 ኪሎ ሜትር አሸናፊ ሆነ። ከዚያም 1964 መጣ። የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ የስኪ ውድድሮች የተካሄዱት ዜፌልድ በምትባል ስፍራ ነው። ማንቲራንታ በ30 ኪሎ ሜትር ኖርዌጂያዊውን ሃራልድ ግሮኒንገንን ከ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በላይ ቀደመው። በ15 ኪሎ ሜትርም ያንኑ ሰው ከ40 ሰከንድ በላይ በልጦ አሸነፈ፤ ሦስተኛ የወጣው ታላቁ የርንቤሪ ነበር። በቅብብሉ ፊንላንድ ብር አገኘች። ለ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 40 ሰከንድ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ለመገመት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከ10 ሰከንድ በታች መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ «ሚስተር ዜፌልድ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ በዚያው ዓመትም የኖርዌይ የስኪ ክብር የሆነው የሆልመንኮለን ሜዳሊያ ተሰጠው። በ1966 በኦስሎ የዓለም ሻምፒዮና በ30 ኪሎ ሜትር እንደገና አሸነፈ፤ በ50 ኪሎ ሜትርም ሦስተኛ ወጣ።

የ1968ቱ የግሬኖብል ኦሊምፒክ ለክርክሬ ቁልፍ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት እቆማለሁ። ማንቲራንታ የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በ30 ኪሎ ሜትር ጣሊያናዊው ፍራንኮ ኖኔስ አሸነፈ፤ ከኖርዲክ አገሮች ውጭ የወንዶችን የግል ውድድር በኦሊምፒክ በማሸነፍ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ማንቲራንታ ሦስተኛ ወጣ። በ15 ኪሎ ሜትር ደግሞ ግሮኒንገን፣ ያ በ1964 ሁለት ጊዜ የተሸነፈው ሰው፣ ማንቲራንታን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። በቅብብሉ ፊንላንድ ነሐስ አገኘች። ከዚህ በኋላ ከውድድር ርቆ ቆየ፤ ለ1972ቱ የሳፖሮ ኦሊምፒክ ቢመለስም ሜዳሊያ አላገኘም። በዚያው ዓመት በአገሩ በተደረገ ምርመራ አምፌታሚን የተባለ አበረታች ንጥረ ነገር ተገኘበት። በምርመራ የተያዘ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊ ስፖርተኛም እርሱ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ለመኮነን አይደለም፤ ሙሉ ታሪኩ ይህንም ስለሚጨምር ነው።

በደሙ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ግን ከአምፌታሚኑ የተለየ ጉዳይ ነው። ሐኪሞች የማንቲራንታን ደም ሲመረምሩ የቀይ የደም ሕዋሱ መጠን ከተለመደው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ኦክስጅንን ተሸክሞ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን በጤነኛ ወንድ ደም ውስጥ በአንድ ሊትር ከ140 እስከ 175 ግራም ገደማ ነው፤ የእርሱ ከ200 ግራም በላይ ነበር። የፊቱ ቅላት እንኳ ይህን ያሳብቅ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ስፖርተኞች የራሳቸውን ደም አስቀድተውና አቆይተው ከውድድር በፊት መልሰው እንደሚያስገቡ ሲታወቅ፣ የማንቲራንታ ድሎችም በዚሁ ዓይን ይታዩ ጀመር። ከፍ ያለ የደም መጠን የማታለል ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

መልሱ የመጣው ከስፖርት ሜዳ አልነበረም። በሄልሲንኪ የደም ሐኪሟ ኤቫ ዩቮነን፣ የዘረመል ተመራማሪው አልበርት ደ ላ ሻፔልና ባልደረቦቻቸው የማንቲራንታን ሰፊ ቤተሰብ አጠኑ፤ ዋና ዋና ውጤቶቻቸውም በ1991 እና በ1993 ታተሙ። ነገሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ በደም ሄዶ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ሕዋሳት ላይ ከሚገኝ ተቀባይ ጋር ሲጣመር «ቀይ የደም ሕዋስ ሥሩ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ተቀባዩ ጫፉ ላይ ትእዛዙን የሚያቆም ክፍል አለው፤ እንደ ልጓም ነው ልንል እንችላለን። በማንቲራንታ ቤተሰብ ውስጥ፣ ይህን ተቀባይ በሚሠራው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። በዚህም ምክንያት ተቀባዩ የመጨረሻዎቹን 70 አሚኖ አሲዶች አጥቶ አጭር ሆኗል፤ ከእነርሱም ጋር ልጓሙ ጠፍቷል። መቅኔው በጥቂት ሆርሞን ብዙ ደም ይሠራል። ለውጡ ከአባት ወይም ከእናት ለልጅ በእኩሌታ ዕድል ይተላለፋል፤ ተመራማሪዎቹም ጉዳት የማያደርስ ሁኔታ መሆኑን ገልጸዋል።

ስለዚህ ማንቲራንታ በደሙ ላይ ተንኮል ሠርቷል የሚለው ጥርጣሬ መሠረቱን አጣ። ለአንድ ስሙ ለጠፋ ሰው ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ የሳይንሱንም ዋጋ ማሳነስ አልሻም። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ተፈጸመ። የሰውየው ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተነበበ። ሐይቁ፣ የተቃጠለው አገር፣ የደን ሥራው፣ የድንበር ጥበቃው፣ የሃኩሊነን አርአያነት፣ የዓመታት ልምምዱ ሁሉ ወደ ዳር ተገፉ፤ «ያሸነፈው በዘረመሉ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረ። በኋለኛ ዘመን የተገኘ ዕውቀት የቀደመውን ዘመን ምስክር ሲያጠፋ የታሪክ ተማሪ ሊጠይቅ ይገባዋል። እኔም ሦስት ጥያቄዎች አነሣለሁ።

የመጀመሪያው የጊዜ ጥያቄ ነው። ዘረመል ከልደት እስከ ሞት አይለወጥም። በ1960 ያለ ግል ሜዳሊያ የተመለሰው፣ በ1964 ግሮኒንገንን በ40 ሰከንድ የቀደመው፣ በ1968 ለዚያው ለግሮኒንገን የተሸነፈው ሰው ደሙ አንድ ነው። የማይለወጥ ምክንያት የሚለዋወጥን ውጤት ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። በእነዚያ ስምንት ዓመታት የተለወጠው ዕድሜው፣ ልምዱ፣ የተቀናቃኞቹ ዝግጅት፣ የበረዶው ሁኔታና የስኪው ሰም ነው፤ እነዚህ ደግሞ የታሪክ ጉዳዮች ናቸው።

ሁለተኛው የቤተሰብ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ መቶ የሚጠጉ የቤተሰቡን አባላት መርምረው ከሲሦው በማይርቁት ላይ ያንኑ ለውጥ አገኙ። ከዘመዶቹ መካከል በስኪ ስም ያተረፉ መኖራቸውን አልክድም፤ ይህም ለዘር ክርክር ድጋፍ ይሆናል። ሆኖም አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ተራ ሕይወት የኖሩ፣ ዓለም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ያው ደም በሌላው ዘመዳቸው ውስጥ ሜዳሊያ ካልሆነ፣ በኤሮ ውስጥ ሜዳሊያ ያደረገውን ነገር ከደሙ ውጭ መፈለግ ግድ ይለናል።

ሦስተኛው የተቀናቃኞች ጥያቄ ነው። የርንቤሪ ከ1956 እስከ 1964 ባሉት ሦስት ኦሊምፒኮች ዘጠኝ ሜዳሊያዎችን ሰብስቧል፤ አራቱ ወርቅ ናቸው። ሃኩሊነንም ሦስት ወርቅ አለው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ለውጥ እንደ ነበራቸው ማንም አላሳየም። ወደ ድል የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነርሱ ባልደረሱ ነበር።

እንግዲህ ዘረመሉ ምንም አላደረገም እያልሁ ነውን? አይደለም። በ1964 የታየው ያ ሰፊ ልዩነት የደሙ ድርሻ ነበረበት ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ኦክስጅን በሚያስርብ ስፖርት ውስጥ ብዙ ኦክስጅን የሚሸከም ደም ጥቅም መሆኑን ለመካድ የሚቻል አይመስለኝም። ስፖርቱ ራሱም ይህን በመራራ መንገድ መስክሯል። ኤሪትሮፖይቲን በመድኃኒትነት መመረት ከጀመረ በኋላ ማንቲራንታ በውርስ ያገኘውን በመርፌ ለማግኘት የሚሹ በዙ። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለሄሞግሎቢን ጣሪያ አበጀ፤ ከጣሪያው በላይ የተገኘ ተወዳዳሪ እንዳይነሣ ይከለከል ነበር። በ2001 ደግሞ በፊንላንድ በራስዋ፣ በላህቲ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስድስት ፊንላንዳውያን ተወዳዳሪዎች የደም ፈሳሽን የሚጨምር የተከለከለ ንጥረ ነገር ተጠቅመው ተያዙ፤ አገሪቱም በኀፍረት ተመታች። በዚያ ደንብ ዘመን ማንቲራንታ ቢወዳደር ኖሮ፣ የደሙን ተፈጥሮ በሕክምና ማስረጃ አረጋግጦ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር መነሻው ላይ በቆመ ነበር። አንዱ በውርስ ያገኘውን ሌላው በመርፌ ሲያገኘው ወንጀል የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህ የፍልስፍና ክፍል ባልደረቦቼን ለክርክር የሚጋብዝ ጥያቄ ነው። ከታሪክ አንጻር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ «ተፈጥሮ» እና «ማታለል» የሚለየው መስመር በደም ውስጥ የተሰመረ ሳይሆን በየዘመኑ ሰዎች የሚያሰምሩት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የማንቲራንታ የድል ዓመታት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። እርሱ የመጀመሪያ ወርቁን ባገኘበት በ1960፣ በመስከረም ወር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። እርሱ በዜፌልድ በነገሠበት በ1964፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ። በግሬኖብል ብርና ነሐስ ባገኘበት በ1968፣ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። አንደኛው ድንበር ጠባቂ፣ ሌሎቹ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ሦስቱንም ከገጠር አውጥቶ ደመወዝ፣ መኝታና የልምምድ ጊዜ የሰጣቸው የመንግሥት የደንብ ልብስ ነው። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሰው እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ሁለቱ ታሪኮች ከምናስበው በላይ ይቀራረባሉ።

የሚለያዩት በአተረጓጎም ነው፤ ወይም ይበልጥ ትክክል ለመሆን፣ የማንቲራንታ ታሪክ በ1993 የደረሰበት ቦታ የእኛ ሯጮች ታሪክ ከመነሻው የቆመበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያዊ ሯጭ ባሸነፈ ቁጥር «ከፍታው ነው፣ ደማቸው ነው፣ ተፈጥሮአቸው ነው» የሚል መልስ ይከተላል። የሚያስከፋው ውጭዎቹ ማለታቸው ብቻ አይደለም፤ እኛም እንደ ምስጋና ተቀብለን ስንደግመው ኖረናል። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል፤ ደሙ የወፈረ ሰው ያሸንፋል፤ ስለዚህ እኛ እናሸንፋለን። ክርክሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይቀርባል።

ሳይንሱ ግን ይህን አይልም። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ያሳተሙት ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በሊትር 159፣ የሴቶቹ 150 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይህ በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌትም 95 በመቶ ገደማ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር ከከፍታው ጋር ሲላመዱ፣ የስሜን ነዋሪዎች የተላመዱት በሌላ መንገድ ነው። በእርግጥ የተመረመሩት ሯጮች አይደሉም፤ የደጋ ነዋሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውንም የኋላ ጥናቶች አሳይተዋል። ለክርክራችን የሚበቃው ግን ይህ ነው፤ የማንቲራንታን ደም ለሁላችን ማልበስ አይቻልም። «ከፍታ» የሚለው ቃል የሚያስረዳ መስሎን ስንጠቀምበት፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የምንዘጋበት ቃል ሆኗል።

በዚህ መዘጋት የሚጎዳው ማነው? መጀመሪያ የሚጎዳው ሯጩ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ የሮጠው ይረሳና የተወለደበት ቦታ ብቻ ይታወሳል። ከዚያም አሠልጣኙ ይጎዳል፤ ተፈጥሮ ያሸነፈው ድል አሠልጣኝ አያስፈልገውምና። በመጨረሻም እኛ የታሪክ ሰዎች እንጎዳለን፤ ምክንያቱም ተፈጥሮ ሰነድ አይተውም። አሸናፊነት የዘር ጉዳይ ነው ብሎ ያመነ አገር የልምምድ መዝገብን አይጠብቅም፣ የአሠልጣኝን ማስታወሻ አይሰበስብም፣ የክለብን ቃለ ጉባኤ አያስቀምጥም። ፊንላንዳውያን የማንቲራንታን ዘረመል ሲያገኙ፣ የውድድር ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ዐሥረኛ ድረስ ተመዝግቦ ነበር። ዛሬ እኔ በዘረመሉ ላይ ጥያቄ ላነሣ የቻልሁት በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ዘረመሉ ብቸኛ ምስክር ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ጥሪ ግልጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ብዙዎች ናችሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በጦር ሠራዊቱና በፖሊስ ክለቦች የሮጡ፣ ያሠለጠኑ፣ ትጥቅ ያደሉ፣ ስንቅ ያዘጋጁ ሰዎች በሕይወት ያሉ አሉ። ዕድሜአቸው ገፍቷል። ምን ያህል ይሮጡ እንደ ነበር፣ ማን እንደ መረጣቸው፣ ምን ይመገቡ እንደ ነበር፣ ከሥራ ማን እንደ ለቀቃቸው፣ ተሸንፈው ሲመለሱ ምን እንደ ገጠማቸው ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። ከአሸናፊዎቹ ይልቅ አብረዋቸው የተለማመዱትንና ያላሸነፉትን ፈልጉ፤ በማንቲራንታ ቤተሰብ እንዳየነው፣ አንድ ዓይነት ዕድል ይዘው የተለያየ ቦታ የደረሱ ሰዎች ናቸው ምክንያትን የሚያስተምሩን።

ማንቲራንታ ከውድድር በኋላ በተወለደበት አካባቢ አጋዘን እያረባ ኖሮ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 በ76 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወቱ እንደ ጀግና ተወድሷል፣ እንደ አታላይ ተጠርጥሯል፣ እንደ ተፈጥሮ ድንቅ ተጠንቷል። ሦስቱም ስሞች የተሰጡት በሌሎች ነው፤ እርሱ የሠራው ግን በየክረምቱ በረዶውን ማቋረጥ ነበር። ዘር ከልጓም ይስብ እንደ ሆነ ተጠይቄ ነበር የተነሣሁት፤ መልሴም፦ ይስባል፣ ነገር ግን ወዴት እንደሚስብ፣ ማን እንደ ጫነው፣ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ የሚነግረን ዘሩ ሳይሆን ታሪኩ ነው።